መጽሐፉ የት ነው? የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሥራ ከማህተም እስከ ቆጠራ

ደሴም ይሁን ወልዲያ፣ ኮምቦልቻም ይሁን ሐይቅ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ የሚጠየቀው ሲጠቃለል አንድ ጥያቄ ነው፦ መጽሐፉ የት ነው? መልሱ ከአራቱ አንዱ መሆን አለበት። መደርደሪያ ላይ ነው፤ አንባቢ ወስዶታል፤ ጥገና ላይ ነው፤ ወይም ጠፍቶ በደንቡ መሠረት ከመዝገብ ወጥቷል። «እዚሁ አካባቢ ነበር» መልስ አይደለም። ከዚህ በታች የተዘረዘረው ሥራ ሁሉ ይህን መልስ ሳይንተባተቡ ለመስጠት የሚያስችል ነው። መመሪያው የተጻፈው በመዝገብና በካርድ ለሚሠሩ ቤቶች ሲሆን፣ ኮምፒዩተር ለገባላቸውም በስተመጨረሻ ጥቂት ነጥቦች አሉበት።

መጽሐፍ ሲገባ

በግዢ የመጣ መጽሐፍ በንብረት ክፍል ሞዴል 19 በሚባለው የገቢ ቅጽ ገቢ ይሆናል። ቤተ መጻሕፍቱ በሞዴል 20 ይጠይቅና በሞዴል 22 ወጪ ሆኖለት ይረከባል። የሞዴል 22ን ቅጂ በራስዎ ፋይል ይያዙ፤ ኦዲተር መዝገብዎን የሚያመሳክረው ከእሱ ጋር ነው። ስጦታም ቢሆን በሞዴል 19 ገቢ ይደረግ። ያለበለዚያ መጽሐፉ ቢጠፋ ጠያቂ፣ ቢገኝ ባለቤት የለውም።

ስጦታ ብዙውን ጊዜ በካርቶን ታጭቆ ይመጣል። ሁሉንም መቀበል ግዴታ አይደለም። ሥርዓተ ትምህርቱ ከተቀየረ ወዲህ የድሮ የተማሪ መማሪያ መጽሐፍ በብዛት ይመጣል፤ ከአንድ ወይም ሁለት ቅጂ በላይ ቦታ ከማጣበብ ሌላ ጥቅም የለውም። ሰጪውን አመስግነው «የሚያስፈልገንን መርጠን የቀረውን እንመልሳለን» ብሎ ገና ሲረከቡ መናገር በኋላ ከሚመጣ ቅያሜ ያድናል።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. መጽሐፉን ከፊት እስከ ኋላ ይገልብጡ። የአገር ውስጥ ኅትመት ላይ አንድ እጥፍ ሙሉ፣ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ፣ ሊጎድል፣ ሁለት ጊዜ ሊገባ ወይም ተገልብጦ ሊሰፋ ይችላል። ባዶ ገጽም ያጋጥማል። ይህ የሚታየው ማህተም ከማረፉ በፊት መሆን አለበት፤ ማህተም ያረፈበትን መጽሐፍ ሻጭ አይመልስም።

2. በገቢ መዝገቡ (ብዙዎች አክሴሽን የሚሉት) ላይ ይመዝግቡ። ዓምዶቹ፦ ቀን፣ ተራ ቁጥር፣ ደራሲ፣ ርዕስ፣ አሳታሚ፣ የታተመበት ቦታና ዘመን፣ የገጽ ብዛት፣ ዋጋ፣ የተገኘበት (ግዢ ወይም ስጦታ፣ ከሞዴል ቁጥሩ ጋር)፣ የምድብ ቁጥር፣ ምርመራ። አንድ መስመር ለአንድ ቅጂ ነው። የአንድ ርዕስ አምስት ቅጂ ከመጣ አምስት መስመርና አምስት ቁጥር ይሰጠዋል። «ከ412 እስከ 416» ብሎ በአንድ መስመር መጠቅለል ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ግን ከአምስቱ አንዱ ሲጠፋ የትኛው እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ አይገኝም። ስሕተት በአንድ መስመር ይሰረዝና ይፈረምበታል፤ አይፋቅም፣ በነጭ ቀለም አይሸፈንም። የጠፋ መጽሐፍ ቁጥር ለሌላ አይሰጥም።

3. ማህተም ያሳርፉ። የርዕስ ገጹ ጀርባ፣ የመጨረሻው ገጽ፣ እና ቤቱ የመረጠው አንድ ቋሚ የውስጥ ገጽ (ለምሳሌ ሁልጊዜ ገጽ 25) በቂ ነው። የፊቱና የኋላው ቢቀደድ የውስጡ ይመሰክራል። በጽሑፍና በሥዕል ላይ አይምቱ።

4. የምድብ ቁጥር ይስጡ።

5. መለያ ወረቀቱን ከመጽሐፉ ግርጌ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ጀርባው ላይ (ገጾቹ በተሰፉበት ጠባብ ጎን) ይለጥፉ። ሁሉም እኩል ከፍታ ላይ ሲሆን ዓይን መደርደሪያውን በአንድ መስመር ጠርጎ ያነበዋል። ጀርባው ለመለያ የማይበቃ ቀጭን መጽሐፍ ከሆነ በፊት ሽፋኑ ላይ፣ ከጀርባው አጠገብ ይለጠፍ።

6. ኪሱን፣ ካርዱንና የመመለሻ ቀን ወረቀቱን ከኋላ ሽፋን ውስጥ ያድርጉ። ዐረብኛ መጽሐፍ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚከፈተው ከቀኝ ስለሆነ እኛ የኋላ ሽፋን የሚመስለን የእሱ ፊት ነው። ሳያዩ የለጠፉት ኪስ የርዕስ ገጹን ይጋርዳል።

የኅትመት ዘመን ሲጽፉ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለውን አይተዉ። የአማርኛ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር፣ ከውጭ የመጣው በእነሱ ነው፤ ልዩነቱ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። «2010» ብቻ ተብሎ የተመዘገበ መጽሐፍ የትኛው እትም እንደሆነ ከአሥር ዓመት በኋላ ማንም አያውቀውም።

ፊደል፦ ብዙ መጽሐፍ የሚጠፋበት ቦታ

በሌባ ከሚጠፋው ይልቅ በፊደል የሚጠፋው ይበዛል። ሀ፣ ሐ እና ኀ በንግግር አንድ ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። በፊደል ተራ ግን ይራራቃሉ፤ ሠ ከመ ቀጥሎ፣ ሰ ከረ ቀጥሎ ነው። አ ከኘ በኋላ፣ ዐ ከወ በኋላ ይመጣል። አንዱ ሠራተኛ «ዓለማየሁ»ን በዐ፣ ሌላው «አለማየሁ» ብሎ በአ ከደረደረው የአንድ ደራሲ ሥራ ሁለት ቦታ ይቀመጣል፤ አንባቢውም ግማሹን አይቶ «ይኸው ነው ያላችሁ?» ብሎ ይሄዳል።

መፍትሔው ቤቱ አንድ ሕግ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፉ ነው። የሚሠራው ሕግ ይህ ነው፦ ለመደርደር ሲባል ብቻ ሐ እና ኀ እንደ ሀ፣ ሠ እንደ ሰ፣ ዐ እንደ አ፣ ፀ እንደ ጸ ይቆጠሩ። ሀ እና ሃ፣ አ እና ዓ ደግሞ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ እንደ አንድ ይወሰዱ። ካርዱ ላይ ግን የደራሲው ስም በርዕስ ገጹ እንደታተመው ይጻፋል፤ የሰው ስም አይታረምም። የመደርደሪያ ፊደሉ በካርዱ የላይኛው ግራ ጥግ በእርሳስ ይቀመጥ። ዐዋቂዎች የፊደሉ ሥርወ ቃል ይጠበቅ ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ፤ ክርክሩ ተገቢ ነው፣ ቦታው ግን መደርደሪያ አይደለም።

ሌሎቹ የስም ሕጎች፦

ኢትዮጵያዊ ደራሲ በራሱ ስም ይደረደራል፣ በአባቱ አይደለም። በእንግሊዝኛ ቢጽፍም እንዲሁ ነው። ከውጭ በመጣ ዝርዝር ላይ ስሙ ተገልብጦ አባቱ ፊት ቀድሞ ከተገኘ መልሰው ያስተካክሉት። የውጭ ደራሲ በቤተሰብ ስሙ ይገባል።

ሼኽ፣ ሐጂ፣ ቀሲስ፣ ብላታ፣ ዶክተር የመሳሰሉ ማዕረጎች ለመደርደር አይቆጠሩም። ገብረ መድኅን፣ ወልደ ሰንበት፣ ኃይለ ማርያም ዓይነት ስሞች ተለያይተው ቢታተሙም አንድ ስም ናቸው።

የአባላት መዝገብ ላይ ችግሩ ይብሳል። በወሎ ከተሞች ሰይድ፣ እንድሪስ፣ ይማምና አሊ በየመስመሩ ናቸው፤ «ሰይድ መሐመድ» ብቻ ብሎ የጻፈ ሠራተኛ ከየትኛው ሰይድ መጽሐፍ እንደሚጠይቅ አያውቅም። ያው መሐመድ ደግሞ ሙሐመድ፣ ሞሐመድ፣ ሙሀመድ ተብሎ ይጻፋል፤ ኸዲጃም ከዲጃ፣ ሐዲጃ ትሆናለች። ስለዚህ የአያት ስም ሳይጻፍ አባል አይመዘገብም፤ ስሙ በመታወቂያው ላይ እንዳለው፣ ፊደሉ ሳይለወጥ ይገለበጣል፤ ፋይሉ የሚፈለገውም በስም ሳይሆን በአባልነት ቁጥር ነው። የስም ዝርዝሩ ቁጥሩን ለመፈለጊያ ብቻ ይሁን።

የምድብ ቁጥርና መደርደሪያው

አብዛኞቹ ቤቶች የሚጠቀሙት በ1876 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ መጻሕፍትን በጉዳያቸው በቁጥር የሚለየውን የዲዊ አከፋፈል ነው። ሙሉውን በቃል መያዝ አያስፈልግም። ለእኛ አንባቢ በብዛት የሚፈለጉት፦ 297 እስልምና፣ ከ220 እስከ 289 ክርስትና፣ 340 ሕግ፣ 370 ትምህርት፣ 492.87 የአማርኛ ቋንቋ፣ 493.55 አፋን ኦሮሞ፣ 510 ሒሳብ፣ 530 ፊዚክስ፣ 540 ኬሚስትሪ፣ 570 ሥነ ሕይወት፣ 610 ሕክምና፣ 630 ግብርና፣ 892.87 የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ፣ 963 የኢትዮጵያ ታሪክ።

አከፋፈሉ የተሠራው ለሌላ አገር መደርደሪያ ስለሆነ ለእኛ የሚጠበው ቦታ አለ። ለክርስትና ሰፊ ረድፍ ሲሰጥ እስልምናን በአንድ 297 ውስጥ ያጭቃል። ደሴ ላይ ለእስልምና መጻሕፍት ሁሉ «297» ብቻ ብለው ከለጠፉ ሙሉ ቁም ሳጥን አንድ ቁጥር ይሸከማል፤ መፈለግ አይቻልም። ከነጥብ በኋላ ያለውን ይጠቀሙ፤ ለምሳሌ ቁርአንና ስለ ቁርአን የተጻፈው 297.122 ነው። 892.87ም እንዲሁ ይጨናነቃል። ከኋላው ለግጥም 1፣ ለተውኔት 2፣ ለልብ ወለድ 3 መጨመር ይቻላል፤ ልብ ወለዱ 892.873 ይሆናል ማለት ነው። ከቁጥሩ ሥር የደራሲው ስም የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት፣ ከዚያ የርዕሱ የመጀመሪያ ፊደል ይጻፋል።

አዲስ ሠራተኛ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ከነጥብ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። እነዚህን አራት ይመልከቱ፦ 370.9፣ 370.15፣ 371፣ 370.1። ትክክለኛው ቅደም ተከተል 370.1፣ 370.15፣ 370.9፣ 371 ነው። 15 ከ9 ይበልጣል ብሎ 370.15ን ከ370.9 በኋላ የሚያስቀምጥ ሰው ነጥቡን ረስቶታል። ከነጥቡ በኋላ ያለው እንደ ሙሉ ቁጥር አይነበብም፤ እንደ ፊደል አንድ በአንድ ይነጻጸራል። 1 ከ9 ስለሚቀድም ጉዳዩ እዚያው ያልቃል።

መደርደሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይሙሉ። የአንዱ ቁም ሳጥን ታችኛ ረድፍ ሲያልቅ ወደ ቀጣዩ ቁም ሳጥን ላይኛ ረድፍ ይዘለቃል እንጂ በአንድ ከፍታ ግድግዳውን ዙሮ አይሄድም። በየረድፉ ሩብ ያህል ክፍት ቦታ ይተዉ፤ 90 ሳንቲ ሜትር ረድፍ ላይ 65 አካባቢ ሲሞላ በቃ። ጢም ካለ አንባቢው መጽሐፉን ሲስብ የጀርባውን ራስ ይገነጥላል፤ ሲመልስም ቦታ ስለሚያጣ በአግድም ላዩ ላይ ይጥለዋል። ከጫፍ በብረት ይደገፍ፤ የተንጋደደ መጽሐፍ ስፌቱ ይላላል።

አንባቢ መጽሐፍ መልሶ እንዳያስቀምጥ በየጠረጴዛው ይጻፉለት። ጠረጴዛ ላይ ይተወው። የሚሰበስበው ሠራተኛ ከማስቀመጡ በፊት በምድብ ይቁጠራቸው፤ ለወር ሪፖርት እውነተኛው የንባብ ቁጥር ይኸ ነው። በበር የገባው ሰው ብዛት ወንበር ፍለጋ የመጣውን ሁሉ ይጨምራል።

በየቀኑ ጠዋት ከመከፈቱ በፊት 20 ደቂቃ መደርደሪያ ማንበብ የግድ ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ረድፍ ይኑረው፤ ጣቱን መለያው ላይ እያሳለፈ ቁጥሩን ያንብብ፣ የተዛነፈውን ያውጣ። የጋራ የሆነ ረድፍ የማንም አይደለም። ፈተና ሲቀርብ በተለይ የ510 እና የ530 ረድፍ ይታይ፤ ተማሪ ነገ መልሶ እንዲያገኘው መጽሐፉን ከግብርናው ኋላ ይደብቀዋል።

የወሎ ክፍል

አንድ መደርደሪያ ለአካባቢው ይለዩ፤ መለያው ላይ ከቁጥሩ በፊት «ወ» ይጨመር። ተማሪ መጥቶ «የወሎ ታሪክ አለ?» ሲል መጽሐፍ አንስቶ መስጠት ፈጣን ነው፣ ግን የፈለገውን አይደለም። አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ «ለምን ጉዳይ ነው?» መልሱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ (1870 ዓ.ም.)፣ የውጫሌ ውል (1881 ዓ.ም.)፣ የሰገሌ ጦርነት (1909 ዓ.ም.)፣ ንጉሥ ሚካኤልና አይጠየፍ አዳራሽ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወይም የ1965ና 66ቱ ድርቅ ይሆናል። እነዚህ አንድ መጽሐፍ ውስጥ አይገኙም። ለእያንዳንዱ ርዕስ አንድ ካርድ ይክፈቱ፤ መጽሐፉና ገጹ ይጻፍበት። አንድ ጊዜ የተፈለገ ነገር ሁለተኛ አይፈለግም።

ጋዜጦቹም እዚሁ አጠገብ ይሁኑ። ከአዲስ ዘመንና ከበኩር ሌላ ዐረብኛው አል ዓለምና የአፋን ኦሮሞው በሪሳ በዚህ አካባቢ አንባቢ አላቸው። ጋዜጣ ዘግይቶ ሊደርስ ስለሚችል የታተመበትንም የደረሰበትንም ቀን ይመዝግቡ፤ የጎደለው እትም የሚታወቀው በዚያ ነው። የፌዴራሉ ነጋሪት ጋዜጣና የክልሉ ዝክረ ሕግ በአዋጅ ቁጥርና በዓመት ይደርደሩ። አንድ አባት «የመሬቱን ሕግ አሳየኝ» ብለው ቢመጡ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009ን አውጥተው፣ አንቀጹን አግኝተው ያንብቡላቸው። ከዚያ ወዲያ «እንግዲህ ይፈረድልዎታል» ማለት የእርስዎ ሥራ አይደለም።

ማዋስና መመለስ

ለአባልነት የነዋሪነት ወይም የፋይዳ መታወቂያ፣ ሁለት ፎቶግራፍ፣ የሚሠራ ስልክ፣ ለተማሪ ደግሞ የትምህርት ቤት ወይም የወላጅ ዋስትና ይጠየቃል። ስልኩን እዚያው ደውለው ያረጋግጡ።

ሲያውሱ ካርዱን ከኪሱ ያውጡ፣ የአባሉን ቁጥርና የመመለሻውን ቀን ይጻፉበት፣ ያው ቀን በመጽሐፉ የቀን ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ አባሉ ካርዱ ላይ ይፈርም። ካርዱ በሳጥን ውስጥ ከመመለሻ ቀኑ ከፋይ (ቀኑ ከተጻፈበት መለያ ካርድ) በኋላ በተራ ቁጥር ይገባል። ጠዋት ሳጥኑን ሲከፍቱ የትናንቱ ከፋይ ኋላ የቀሩት ካርዶች ያልመለሱት ናቸው፤ ሌላ ዝርዝር አያስፈልግም።

የመመለሻ ቀን እሑድ ወይም የበዓል ቀን ላይ አይጣል። መውሊድና ሁለቱ ዒዶች በጨረቃ ስለሚወሰኑ አንድ ቀን ሊዛወሩ ይችላሉ፤ በበዓሉ ማግስት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ቢደረግ ይሻላል። ከውጭ የመጣ የቀን ማህተም የፈረንጅ ወር ነው የሚመታ፤ ጳጉሜንን አያውቅም። በአማርኛ የተሠራ ከሌለ በእጅ ይጻፉ። ሁለት የቀን አቆጣጠር በአንድ ወረቀት ላይ ከገባ ጠብ ነው።

ሲመለስ ሰውየው ቆሞ ሳለ መጽሐፉ ይገለበጣል። በሒሳብና በፈተና ማዘጋጃ መጻሕፍት ላይ ኋላ ያለው የመልስ ገጽ ይታይ፤ ቀድሞ የሚቀደደው እሱ ነው። ካርዱ የሚሰረዘው ከዚህ በኋላ ነው። «አብሽር፣ ነገ አየዋለሁ» ብሎ መቀበል ጉዳቱን በራስ ላይ መጫን ነው፤ ነገ የመጣው ሰው ሲያስረክብ ደህና ነበር ይላል።

የዘገየውን መጀመሪያ ይደውሉለት፣ ከዚያ በጽሑፍ፣ ከዚያ ለዋሱ። መጽሐፍ የጠፋበት ሰው ያንኑ ርዕስ ገዝቶ እንዲተካ ማድረግ ከገንዘብ ይሻላል። በገንዘብ ከሆነ በዛሬ ገበያ ዋጋ ይሰላ፤ መዝገቡ ላይ «25 ብር» የሚለው የድሮ ዋጋ ዛሬ ሽፋኑን አይገዛም። ቅጣትም ይሁን ካሳ ክፍያው በገንዘብ ያዥ በኩል በሕጋዊ ደረሰኝ ይሁን። በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ገንዘብ፣ ሃምሳ ብርም ቢሆን፣ ለሠራተኛው ወጥመድ ነው።

ማን ምን እንዳነበበ ለማንም አይነገርም። ከተማው ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል። አባት የልጁን፣ አለቃ የሠራተኛውን ካርድ ልይ ቢል መልሱ አንድ ነው።

የንባብ ክፍሉ

ቦርሳ በር ላይ በቁጥር ይቀመጣል፤ ሁለት አንድ ዓይነት ቁጥሮች ይዘጋጁ፣ አንዱ ለቦርሳው፣ አንዱ ለባለቤቱ። ከግንቦት ጀምሮ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ወንበሩን ይሞሉታል፤ ደብተር አስቀምጦ ቦታ ይዞ መሄድ ያኔ ይመጣል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ባዶ የቆየ ወንበር ደብተሩ ተነሥቶ ለሌላ እንደሚሰጥ ይለጠፍ፣ ሳያዳሉም ይፈጸም። አርብ ምሳ ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሆነ በሩ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ከገጠር ቀበሌ የመጣ ሰው ደጅ ላይ እንዳይቆም። ውሃ በክዳን ይፈቀድ፤ ጫት፣ ሻይና ለውዝ ውጭ ይቅሩ።

ጉም፣ ምስጥና ቆርቆሮ

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮት ላይ ያድራል። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሲቆይ ሻጋታ ይበቅላል። መደርደሪያው ከግድግዳ ቢያንስ 5፣ የታችኛው ረድፍ ከወለል 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። መስኮት የሚከፈተው ጉሙ ከለቀቀ በኋላ፣ እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ጠዋት «አየር ይግባ» ብሎ መክፈት እርጥበቱን መጋበዝ ነው። የሻገተ መጽሐፍ ለብቻው ይለይ፣ ከደረቀ በኋላ ማስክ አድርገው ደጅ ላይ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ሻጋታውን ወረቀቱ ውስጥ ያስገባዋል።

ባቲና ቆቦ ላይ ችግሩ ሌላ ነው፤ ሙቀት፣ አቧራና ምስጥ። የእንጨት መደርደሪያ እግርና የግድግዳው ጥግ በየሳምንቱ ይታይ፤ የጭቃ መስመር ከታየ መጽሐፉ አስቀድሞ ይነሣ። አቧራ በደረቅ ጨርቅ፣ መጽሐፉ ተዘግቶ፣ ከጀርባው ወደ ውጭ ይጠረጋል።

ቆርቆሮ በሚስማሩ ቀዳዳ ያፈስሳል፤ ከሰኔ በፊት ይፈተሽ። የረሰ መጽሐፍ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ይሻግታል። ገጾቹን ትንሽ ከፈት አድርገው በእግሩ ያቁሙት፣ በየ20 ገጹ ንጹሕ ለስላሳ ወረቀት ያስገቡ፣ ወረቀቱን እየለዋወጡ በጥላና በነፋስ ያድርቁ። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይጣመማል። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ያለው መጽሐፍ ቅድሚያ ይሰጠው፤ ገጾቹ ሳይለያዩ ከደረቁ እንደ ጡብ ይጣበቃሉ።

ጥገና

ስኮች ፕላስተር ለገጽ አይሆንም። ይቢጫል፣ ሙጫው ይሰርጋል፣ ሲላጥ ፊደሉን ይዞ ይነሣል። የተቀደደ ገጽ በስስ ወረቀትና በዱቄት ሙጫ ይጠገናል። አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት በአምስት እጅ ውሃ በቀዝቃዛው ይበጥብጡ፣ በቀስታ እሳት እያማሰሉ ጉሽነቱ እስኪለቅ ያብስሉ፣ ያቀዝቅዙ፣ በወንፊት ያሳልፉ። የዕለቱ ለዕለቱ ነው፤ ሲያድር ይኮመጥጣል። ዱቄት አይጥና ብል ስለሚስብ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ በደንብ ሳይደርቅም መደርደሪያ ላይ አይመለስ።

የወጣ ቅጠል ከሆነ በውስጠኛው ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነጭ ኮላ ቀብተው ወደ ስፌቱ ያስገቡት። ሽፋኑ የላላ መጽሐፍ ሲሆን ኮላ የነካ ሹራብ መሥሪያ ሽቦ በጀርባውና በሽፋኑ መካከል ባለው ቀዳዳ አሳልፈው ያዙሩ፤ ትርፉን ይጥረጉ፣ በሽፋኑ ውስጥ የፌስታል ቁራጭ ያስገቡና ከክብደት ሥር ያሳድሩት። ፌስታሉ ከተረሳ ጠዋት መጽሐፉ አይከፈትም።

አንድ ነገር ግን በጭራሽ አይነካም። ብራና ወይም የእጅ ጽሑፍ፣ ግእዝም ይሁን ዐጀሚ (በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የአገር ቋንቋ)፣ በቤት የነበረ መንዙማም ይሁን ዳዊት፣ ሰው ይዞ ሲመጣ ማህተም፣ መለያ፣ ኮላ፣ እስክሪብቶ አይቅረበው። በንጹሕና በደረቅ እጅ ይያዝ፣ በነጭ ወረቀት ይጠቅለል፣ ያመጣው ሰው ስምና ያለበት ሁኔታ በእርሳስ በተለየ ወረቀት ይመዝገብ፤ ከዚያ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይነገር። ልሽጥልህ ለሚል አይከፈልም፤ ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ይጠበቃል።

ቆጠራ፣ ኮምፒዩተርና ቅጂ

ቆጠራ የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ፣ በሰኔ ይደረጋል። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ መደርደሪያው ላይ ቁጥሩን ይጠራል፣ ሌላው መዝገቡ ላይ ምልክት ያደርጋል። ካሉት አጠገብ ጭረት፣ ለተዋሰ «ው»፣ ለጥገና «ጥ» ይጻፍ። ባዶ የቀረው በዚያው ዓመት «ጠፋ» አይባልም፤ በሁለተኛው ቆጠራም ካልተገኘ ለንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ይቀርባል። ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ መጽሐፍ አይጥልም፣ አይሰጥም፣ አያቃጥልም፤ ያረጀም ቢሆን።

ኮሃን የመሰለ ነፃ የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም ለገባላቸው፦ ፍለጋው ፊደል ለይቶ እንደሚያይ ይሞክሩ። «ፀሐይ» ብለው የመዘገቡትን አንባቢው «ጸሀይ» ብሎ ከፈለገ ላይመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ከላይ የተባለው የመደርደሪያ ፊደል በተጨማሪ የስም ሳጥን ውስጥ ይግባ። መብራት በሚጠፋበት ቀን ለሚዋሰው የወረቀት ቅጽ ይኑር፣ መብራት ሲመጣ በዚያው ቀን ይገልበጥ። የወረቀቱ መዝገብም ኮምፒዩተር ገባ ተብሎ አይጣልም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወሎ ውስጥ ብዙ ተቋማት ሲዘረፉ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ሰነዱም አብሮ ጠፍቷል። ምን እንደጠፋ የሚናገር መዝገብ የሌለው ቤት ምን ይተካልኝ ብሎ መጠየቅም ይከብደዋል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ የገቢ መዝገቡ እያንዳንዱ ገጽ በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ ገጹ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ በቀን ብርሃን፣ ቁጥሩ እስከ ጠርዝ እንዲነበብ ተደርጎ። ፎቶዎቹ በሁለት ፍላሽ ይቀመጡ፤ አንዱ በቤተ መጻሕፍቱ፣ ሌላው በሌላ ሕንፃ ባለው ጽሕፈት ቤት በፊርማ ይረከብ።